ሳጥኑ ባዶ ነውና ክፍሉ ሰላም ነው?

ሰሞኑን በድሬዳዋ በአንድ የወላጆች ስብሰባ «ልጆቻችን በአነጋገራቸው ይሳቅባቸዋል» የሚል አቤቱታ ተነሳ። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር የሰጡት መልስ ይኸው፦ «ድሬ የፍቅር ከተማ ናት። ዓመቱን ሙሉ በሐሳብ መስጫ ሳጥናችን አንድም የመድልዎ ቅሬታ አልገባም።» ተጨበጨበላቸው አሉ።

አቦ! ሳጥኑ የተሰቀለው የት ነው? እንደተለመደው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ፤ ቁልፉም እሳቸው ኪስ ውስጥ። የ15 ዓመት ልጅ «መምህሬ ስሜን ሲጠራ ክፍሉ ይስቃል፣ እሱም ፈገግ ይላል» ብሎ፣ ያውም በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው ጽፎ እዚያ ይከታል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ተማሪ አያውቅም። ስድብ ምስክር አለው፤ ፈገግታ ምን ምስክር አለው? አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ቼስተር ፒርስ እ.ኤ.አ. በ1970 በጥቁር አሜሪካውያን ላይ በየዕለቱ ለሚወርዱት ጥቃቅን ንቀቶች «ማይክሮአግሬሽን» የሚል ስም ያወጣላቸው ለዚሁ ነው፤ አንድ በአንድ ሲነሱ ከቁም ነገር አይቆጠሩም፣ ሲደራረቡ ግን ሰው ይጎዳሉ። ተማሪውም ትምህርቱን ትቶ «ቀልድ ነበር ወይስ ንቀት?» ሲያሰላ ይውላል።

እኛ ጋ ነገሩ አፍጥጦ የሚወጣው 9ኛ ክፍል ላይ ነው። አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በሶማሊኛ ተምሮ መጥቶ አንድ ዴስክ ይጋራሉ። በወረቀት ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። መምህሩ ግን ቀመሩን በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ ይጽፍና ማብራሪያውን በአማርኛ ያወርደዋል። ቀልዱም፣ «ይቺ ፈተና ላይ ትመጣለች» የምትለዋም በአማርኛ ነች። ከድሬ ገጠር፣ ከጀልዴሳ ወይም ከዋሂል የመጣው ልጅ የሚቀርበት እንግዲህ ትምህርቱ ነው።

ከዚያ አፉን ሲከፍት ይሳቅበታል። ሶማሊኛ ጠ፣ ጨ፣ ጰ እና ዘ የሉትም። «ጠረጴዛ» ሊል ፈልጎ «ተረቤሳ» ቢወጣው ስንፍና አይደለም፤ ምላሱ እነዚያን ድምፆች በልጅነቱ አልለመዳቸውም። እስቲ ገልብጡት። የዐብዲን ዐ፣ የሐሊማን ሐ ከጉሮሮው አውጥቶ፣ የኦሮምኛውን ዸ አስተካክሎ የሚጠራ፣ አፉን በአማርኛ የፈታ መምህር ስንት አለ? ስም ጥሪ በጠራ ቁጥር ይሳሳታል፤ የሚስቅበት ግን የለም። የሱ ስህተት «አነጋገር» ነው፣ የልጁ ስህተት «አለማወቅ»። ተማሪዎች ይህን ሚዛን ከማናችንም ቀድመው አንብበውታል። ለዚህ ነው መልሱን እያወቁ እጃቸውን የማያወጡት። መምህሩ ደግሞ «አይሳተፍም» ብሎ ከማርክ ይቀንስበታል!

የክፍል አለቃውም አለ። መምህር ሲወጣ የ«ረባሽ» ስም ዝርዝር ይይዛል። በማያውቀው ቋንቋ የተወራ ሁሉ ጆሮው ላይ ጫጫታ ስለሆነ ዝርዝሩ በማን ስም እንደሚሞላ መገመት አያዳግትም። በአንድ ለአምስት ቡድንም ልጁ ቁጥሩን ይሠራል፣ አማርኛ የሚቀናው ቆሞ ያቀርባል፣ ሙገሳውም ለአቅራቢው ነው። «አንተ እኮ ሶማሌ አትመስልም» የሚለውንማ ምርቃት ነው ብለው የሚከራከሩ መምህራን አሉ። እንግዲህ ሶማሌ መምሰል ምን ቢሆን ነው?

ክፍሉ የታጨቀ ነው፣ የመምህሩም ደመወዝ ወር አያደርስም፤ እሺ። ግን ሦስት ሰከንድ ስንት ብር ነው? አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይታለች። ወደ ሦስት ሲያደርሱት ዝም የሚሉት ይቀንሳሉ፣ መልሱም ይረዝማል። ጥያቄውን በአንድ ቋንቋ ሰምቶ፣ በሌላ አስቦ፣ በሦስተኛ ለሚመልስ ልጅ ሦስቱም ያንሳሉ። በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት እያንዳንዱ ተማሪ ስሙን ራሱ ጮክ ብሎ ይጥራ፤ መምህሩም እንደሰማው በራሱ ፊደል ስም መጥሪያው ላይ ይጻፈው። አለቃው በየወሩ ይቀየር። በቡድን ሥራ አቅራቢው በዕጣ ይውጣ።

ርዕሰ መምህሩም ፍቅራችንን ከመስበካቸው በፊት አንድ ሳምንት አንድ ሴክሽን ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጡና በየክፍለ ጊዜው ይመዝግቡ፦ ማን ተጠየቀ፣ ስንት ሰከንድ ተጠበቀ፣ ሲመልስ ማን ሳቀ፣ መምህሩስ ምን አደረገ። የመጀመሪያው ቀን አይቆጠር፤ አለቃ ሲያይ ሁሉም ጨዋ ነው። ከዚያ ውጤቱን በመምህራን ስብሰባ ያንብቡት። የሚያኮርፍ መምህር ካለ ያኩርፍ።