ሀሳቤ ተነስቷል፣ ግን...

ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ «እኔ እንኳን ሀሳቤ ተነስቷል» የሚል ሰው አለ አይደል? ወንድሜ፣ ሀሳብህ ከተነሳ አንተ ለምን ትነሳለህ?

ባለፈው እሁድ የብሎካችን ማህበር ስብሰባ ጠርቶ ነበር። አጀንዳው አንድ ነው። የውሃ ፓምፑ ተቃጥሏል፤ ይሠራ ወይስ አዲስ ይገዛ? እዚህ ቱሉ ዲምቱ ውሃችን በፈረቃ ነው፣ ሲመጣም ሌሊት ይመርጣል። ፓምፕ ከሌለ አራተኛ ፎቅ ያለ ሰው ጄሪካን ተሸክሞ ደረጃ ይቆጥራል። ለዚህ ምን ንግግር ያስፈልጋል? መዋጮው ይወሰን፣ ባለሙያ ይጠራ፣ አለቀ።

አላለቀም። የመጀመሪያው ተናጋሪ «ፓምፑ በአስቸኳይ ይሠራ» አለ። ጥሩ። ሁለተኛዋ «ከኔ በፊት የተናገሩት እንዳሉት» ብላ ፓምፑ በአስቸኳይ መሠራት እንዳለበት አስረዳች። ሦስተኛው ሀሳቡ ተነስቶበታል፤ ሆኖም «ለማጠናከር ያህል» ብሎ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ከወጣበት ቀን ጀመረ። ከዚያ «ጊዜያችሁን ላለመሻማት» የሚሉት ጋሼ ተነሱ። የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምረው ከዚሁ ከአፍንጫችን ሥር ነው፣ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጋሼ ንግግር ሲጀምሩ ክፍያ ጣቢያውን ያለፈ ሹፌር፣ እሳቸው ሲቀመጡ አዳማ ገብቶ ማኪያቶ ሳያዝ አልቀረም።

ነገሩ የቆየ በሽታ ይመስለኛል። በ1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ለመንግሥት ሲያደርግ፣ የከተማ ነዋሪዎች ማህበርንም ይዞልን መጣ፤ ቀበሌ ያልነውን ማለቴ ነው። በዚያ ዘመን አዲስ ነገር መናገር ያስጠይቃል፣ ዝም ማለትም ያስጠረጥራል። ስለዚህ ከፊትህ የተናገረውን በሌላ ቃል መድገም ብልህነት ነበር። እሺ፣ ያኔስ ይሁን። ዛሬ ግን ፓምፕ ነው! ስለ ፓምፕ አዲስ ሀሳብ ቢያመጣ ማን ምን ያደርገዋል?

መጨረሻ ላይ ሰው አንድ በአንድ ሹልክ ሲል ሰብሳቢው «ሀሳቡ በደንብ ዳብሯል» አሉና ፓምፑን የሚያጠና ኮሚቴ ተመረጠ። ግማሾቹ የተመረጡት በሌሉበት ነው፤ የሌለ ሰው እምቢ አይልማ። የመቅረት ቅጣታቸውና ሹመታቸው በአንድ የቴሌግራም መልእክት ደረሳቸው።

አንድ የምወደው ተረት አለ። «ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።» ግሩም ነው። ተረቱ ያልነገረን ግን ሎሚውን በር ለበር እየዞረ የሚያድለው ማን እንደሆነ ነው። እኛ ጋ ገንዘብ ያዣችን ናቸው፤ ምስኪን። ያንኳኳሉ። «ደሞዝ አልወጣም።» ያንኳኳሉ። «ባለቤቴ ሲመጣ።» ተከራዩ «አከራዬን ጠይቁ» ይላል፤ አከራዩ «የሚጠቀመው ተከራዩ አይደል እንዴ?» ይላል፣ ያውም ስልክ ካነሳ ነው። ግራውንድ ያሉት ደግሞ «እኛ ጋ ያለ ፓምፕም ይመጣል» ብለው በሩን ይዘጋሉ። የጋራ ሕንፃ ባለቤቶች የጋራ ወጪን እንዲጋሩ የሚያዘው አዋጅ ቁጥር 370 የወጣው በ1995 ነው። አንብቦ በር የከፈተ ሰው ግን አላየንም።

ግራውንድ ካልኩ አይቀር፣ አንድ የቆየ ነገር አለብኝ። ከብሎካችን ጀርባ የጋራ ቦታ ነበረች። ነበረች። አንድ ጎረቤታችን መጀመሪያ ጽጌረዳ ተከለባት። «ለአካባቢ ውበት ነው» አለን፣ አመሰገንነው። ቀጥሎ ጽጌረዳውን በግ እንዳይበላው ብሎ ሽቦ አጠረ። ሽቦው ቆርቆሮ ሆነ። ቆርቆሮው በር አወጣ፣ በሩ ቁልፍ አወጣ። አሁን ውስጡ መኪናው ይቆማል፣ ጎመኑም ይበቅላል፤ ጽጌረዳውን ካየነው ቆየን። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። እዚህ ባለቤቶቹ እኛ፣ አጥሩ የሱ። ይሄንን በቀልድ ላልፈው አልችልም፤ የብሎኩ ልጆች ኳስ የሚጫወቱት አስፋልት ዳር ነው፣ ሲኖትራክ በሚያልፍበት። ስብሰባ ላይ ሳነሳው «በያዝነው አጀንዳ ላይ እናተኩር» እባላለሁ። ስለ ዕጣ አወጣጥ ሲወራ ማንም አላተኮረም!

እኛ ደግሞ መተባበር የማናውቅ ሰዎች ብንሆን አዝኜ ዝም እል ነበር። ኮሙናሉ ጋ ለቅሶ ይኑር፤ ድንኳኑ ወዲያው ይቆማል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ንፍሮ ይጣዳል። «ለማጠናከር ያህል» የሚል የለም። ከካዛንቺስ፣ ከመርካቶ፣ ከአራት ኪሎ የመጣን ሰዎች ነን፤ ብዙው እስካሁን የድሮ ሰፈሩን እድር አልለቀቀም፣ ታክሲ እየቀያየረ ሄዶ መዋጮውን ይከፍላል። እዚያ ያልከፈለ ሰው ነገ ማን እንደሚቀብረው ያስባል። ፓምፕ ማንንም አይቀብርም፤ ስለዚህ ይቆያል።

ስለ ስብሰባ ተናጋሪዎች ነበር መሰለኝ የጀመርኩት። በቃ፣ ይቆየን። የአጥሩን ጉዳይ በጽሑፍ አስገብቻለሁ። ሰብሳቢው «መጀመሪያ የፓምፑ ኮሚቴ ሪፖርቱን ያቅርብ፣ ከዚያ ያንተን እናያለን» አሉኝ። ኮሚቴው ገና አንዴም አልተሰበሰበም። የሚጠራው ሊቀመንበሩ ነው። ሊቀመንበሩ ደግሞ ማን መሰላችሁ? ባለ ጎመኑ።