ትንሹ አውቶቡስ ለምን እንደ ትልቁ ይሮጣል?

ለንደን ውስጥ ለእንግዳ ከሚሸጡት የአንድ ቀን ጉዞዎች በጣም ከታወቁት አንዱ «ዊንዘር፣ ስቶንሄንጅ፣ ባዝ» የሚለው ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ከመሀል ከተማ ይነሣና ማታ 1 ወይም 2 ሰዓት ላይ ይመለሳል። ደርሶ መልሱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ መንገዱ ባይጨናነቅ እንኳ ስድስት ሰዓት የሚጠጋው ወንበር ላይ ያልቃል። ከቀረው ላይ ምሳው፣ የመጸዳጃ ቤቱ ወረፋ፣ የመግቢያ ሰልፉና «አንድ ሰው ጎደለ» ተብሎ የሚባክነው ጊዜ ይቀነሳል። ከ900 ዓመት በላይ ለኖረው የዊንዘር ቤተ መንግሥት፣ 4500 ዓመት ለሆነው የስቶንሄንጅ ድንጋይና ለባዙ የሮማውያን የፍል ውኃ መታጠቢያ የሚተርፈው አንድ አንድ ሰዓት ተኩል ነው።

ሃምሳ ሰው የጫነ አውቶቡስ እንዲህ ቢሮጥ አይገርመኝም፤ ሥራው ነው። የሚገርመኝ «አነስተኛ ቡድን» ተብለው ከትልቁ የበለጠ የሚያስከፍሉት ባለ 16 ወንበሮቹም ብዙውን ጊዜ ያንኑ ፕሮግራም ይዘው መሮጣቸው ነው። የእንግሊዝን ገጠር ለማየት ከትንሽ አውቶቡስ የተሻለ ነገር አላውቅም። ነገር ግን በቀን ከሁለት ቦታ በላይ የሚያዳርስ ከሆነ ትንሽነቱ የጠቀመው የለም፤ ተጓዡም ለጠበበ ወንበር ጨምሮ ከፈለ ማለት ነው።

ቁጥሩ 16 የሆነው እንዲሁ አይደለም። በብሪታኒያ መንጃ ፈቃድ «ዲ1» የሚባለው ደረጃ እስከ 16 ተሳፋሪ የሚጭንና ርዝመቱ ከ8 ሜትር የማይበልጥ መኪና ለመንዳት ይፈቅዳል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ሾፌሩ ሌላ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የመኪናው ልክ ከገጠሩ መንገድ ጋር የሚስማማውም በዚህ ነው። የገጠሩ መንገዶች ብዙዎቹ ከጋሪ ዘመን የተረፉ ናቸው፤ ግራና ቀኙ ከሰው ቁመት በላይ በሆነ የቁጥቋጦ አጥር ታጥሮ፣ ሁለት መኪና ሲገናኝ አንዱ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይሆንበታል። ትልቁ አውቶቡስ እዚያ ስለማይገባ በዋናው መንገድ ሄዶ ሁሉም የሚያውቃት መንደር ላይ ይቆማል።

ይህ የሚያመጣውን ጣጣ ለማየት ቢበሪን መመልከት ይበቃል። ቢበሪ በግሎስተርሸር፣ ኮትስዎልድስ በሚባለው ኮረብታማ አገር ውስጥ ያለች፣ ነዋሪዎቿ ጥቂት መቶዎች ብቻ የሆኑ መንደር ናት። አርሊንግተን ሮው የተባለው የቤቶች ረድፍ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የገዳም የሱፍ መጋዘን ሆኖ ተሠራ፤ በ17ኛው ለሸማኔዎች መኖሪያነት ተለወጠ። ዛሬ ፎቶው የማይገኝበት የጉዞ ማስታወቂያ የለም ማለት ይቻላል። አውቶቡሶቹ በዝተው ነዋሪው ከደጁ መውጣት ሲቸግረውና ሲያማርር፣ የአካባቢው አስተዳደር በ2025 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለሙከራ ብሎ የትልልቅ አውቶቡስ ማቆሚያውን ከመንደሩ መሀል አነሣ። እኔ ለነዋሪው እፈርዳለሁ። የሰው መስኮት ላይ ተደግፎ ፎቶ መነሣት በየትኛውም አገር ነውር ነው።

ወደ ድንጋዩ ልምጣ። ከኢትዮጵያ የመጣ እንግዳ ስቶንሄንጅ ሲደርስ መጀመሪያ «ይኸው ነው?» ቢል አይፈረድበትም። ከቆሙት ድንጋዮች ረጅሙ ከመሬት በላይ 7 ሜትር አይሞላም፤ በ2005 ከሮም የተመለሰው የአክሱም ሐውልት 24 ሜትር ነው። የስቶንሄንጅ ትልቅነት ግን ድንጋዮቹ በመጡበት መንገድ ነው። ትልልቆቹ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኝ ጫካ፣ ትናንሾቹ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚርቁት የምዕራብ ዌልስ ፕረሴሊ ኮረብታዎች ተጉዘው መጥተዋል። መሀል ላይ የተጋደመው «የመሠዊያው ድንጋይ» ደግሞ በ2024 በታተመ ጥናት መሠረት የመጣው ከስኮትላንድ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። ይህን ሁሉ ያደረጉት ሰዎች ጽሑፍ አልነበራቸውም፤ የብረት መሣሪያም አልነበራቸውም። ለዚህ ነገር ዝም ብሎ መቆሚያ ጊዜ ያስፈልጋል።

ጊዜው ግን የለም። በ2013 የተከፈተው የጎብኚዎች ማዕከል ከድንጋዮቹ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ከአውቶቡስ ወርዶ ሌላ አውቶቡስ መሳፈር ወይም በእግር መሄድ ግድ ነው፤ ከዚያም በገመድ ከተከለለው ውጭ ዞሮ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ሰዓት ዐይቶ መሮጥ። አዋጭው መንገድ ሌላ ነው። ቦታውን የሚያስተዳድረው ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ ከመደበኛው ሰዓት ውጭ፣ በማለዳ ወይም በምሽት፣ ቀድመው ለተመዘገቡ ጥቂት ሰዎች ገመዱን አልፈው ድንጋዮቹ መካከል የሚገቡበት ጊዜ አለው። ይህ ለ16 ሰው ልክ ነው። ትንሽ አውቶቡስ የሚሸጥልኝ ሰው ይህንን ካላሰበበት ምን እየሸጠልኝ ነው?

የማለዳው ቦታ ካልተገኘ ደግሞ ከስቶንሄንጅ በስተ ሰሜን፣ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ኤቭበሪ አለ። እዚያ ያለው የድንጋይ ክብ ከስቶንሄንጁ እጅግ ይሰፋል፤ ከስፋቱ የተነሣ መንደር ውስጡ ሰፍሯል፤ አውራ መንገድ ያቋርጠዋል፤ በጎች በድንጋዮቹ መካከል ይግጣሉ። ገመድ የለም፤ ድንጋዩን በእጅ መንካት ይቻላል። ሁለቱ ቦታዎች በ1986 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት አብረው ነው፤ ሆኖም ኤቭበሪ የብዙዎቹ የአንድ ቀን ጉዞዎች ፕሮግራም ላይ የለም። ምክንያቱ ስሙ አለመታወቁ ብቻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ወደ ባዝም ወደ ዊንዘርም ባቡር ይሄዳል። ከለንደን ባዝ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ባቡር የሚደርስበት ከተማ ለመሄድ አውቶቡስ ውስጥ መታጨቅ ለምን እንዳስፈለገ ለእኔ ግልጽ አይደለም። አውቶቡስ የሚያስፈልገው ባቡር ለሌለበት ነው፤ ያ ደግሞ ብዙ ነው። በ1963 የወጣው የቢቺንግ ሪፖርት «አያዋጡም» ያላቸው የገጠር መስመሮች በሺህ ኪሎ ሜትር ተዘግተዋል። የመንደር አውቶቡስም በቀን ጥቂት ጊዜ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ነው፤ እሑድ ጭራሽ የሌለበት ብዙ ነው። መኪና የሌለው ሰው ኤቭበሪን፣ ሌኮክን ወይም የኮትስዎልድስን መንደሮች በአንድ ቀን ማየት የሚችለው ሌላ ሰው ሲነዳለት ነው።

መውረድም ይገባል። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ሕዝብ የመራመድ ሕጋዊ መብት ያለው 225,000 ኪሎ ሜትር ያህል የእግር መንገድ አለ፤ የገበሬው እርሻ መሀል ያልፋል፣ የበረቱን በር ከፍተህ ትገባለህ፣ ዘግተህ ትሄዳለህ፣ ማንም «ወዴት?» አይልህም። ኮትስዎልድስ ውስጥ ካለችው ከቦርተን-ኦን-ዘ-ዋተር መንደር እስከ ጎረቤቷ ሎወር ስሎተር በመስኩ መሀል 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ተጓዦቹ አንዷ ላይ ወርደው በእግራቸው ሲያዘግሙ፣ ሾፌሩ ቀድሞ ሄዶ ሌላዋ ላይ ሊጠብቃቸው ይችላል። ሾፌሩም ቢሆን በሕግ 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት። ያ ዕረፍት አውራ ጎዳና ዳር ባለ ነዳጅ ማደያ ከሚያልፍ፣ ሰዎቹ በእግራቸው በሚሄዱበት ጊዜ ቢሆን ማን ይጎዳል?

እስካሁን ያልኩት ለማንኛውም መንገደኛ ነው። ለእኛ የሚበረታው ምክንያት ግን አውቶቡሱ ዊንዘር ሲቆም ይጀምራል።

የዊንዘር ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ንግሥት ኤልሳቤጥ በ2022 የተቀበሩበት ስለሆነ ጎብኚው ሁሉ ወደዚያ ይጎርፋል። እዚያው ግቢ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ አለ። በ1868 መቅደላ ስትወድቅ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን የቀረው ልጅ ነበር፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ወደ ባሕር ሲወርዱ መንገድ ላይ ዐረፉ፤ እሱ በእንግሊዞቹ እጅ ባሕር ተሻገረ። ቼልተነምና ረግቢ ተማረ፤ ሳንድኸርስት ወታደር ቤት ገባ፤ በኅዳር 1879 ሊድስ ከተማ ውስጥ በ18 ዓመቱ ሞተ። ንግሥት ቪክቶሪያ ባዘዙት መሠረት ዊንዘር ተቀበረ። ጸሎት ቤቱ ውስጥ ባለው የመታሰቢያ ጽሑፍ ላይ ከማቴዎስ ወንጌል «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛል» የሚል ቃል ተቀርጿል። እንግድነት መጥቶ ነበር እንዴ? አጽሙ ወደ አገሩ ይመለስ የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ሲነሣ ኖሯል፤ በ2023 ቤተ መንግሥቱ አጽሙን ማውጣት በአቅራቢያው የተቀበሩትን የሌሎች ሰዎች ዕረፍት ያውካል ብሎ አልቀበልም አለ። አንድ ሰዓት ተኩል የተሰጠው ቡድን የዙፋን አዳራሹን፣ የጦር ዕቃውን፣ የንግሥቲቱን መቃብር ያያል እንጂ እዚያ ጽሑፍ ዘንድ አይቆምም። አስጎብኚው ታሪኩን ስለ መንገሩም ዋስትና የለም።

ባዝ ሲደረስም ያው ነው። አውቶቡሱ መሀል ከተማ ያራግፋል፤ ሁሉም 46 ዲግሪ ወደሚሞቀው የሮማውያን ምንጭና ወደ ሮያል ክረሰንት ይሄዳል። መቼም ሠላሳ ቤት በአንድ ቅስት የተሰለፈበት ያ መንገድ ውብ ነው፤ አልክድም። ከመሀል ከተማው በስተ ምዕራብ፣ በመኪና ጥቂት ደቂቃ በሚያስኬደው በኒውብሪጅ ሰፈር ግን ፌርፊልድ ሐውስ አለ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ጣሊያን አገራቸውን ከያዘ በኋላ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ቤት ነው። በጄኔቭ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ተናግረው የሰማቸው ሲያጡ የመጡት እዚያ ነበር። ሙሶሊኒ በሰኔ 1940 ጦርነቱ ውስጥ ሲገባ ተነሥተው ወደ ካርቱም ሄዱ፤ በሚቀጥለው ዓመት አዲስ አበባ ገቡ። በ1954 ባዝ የከተማዋን ክብር ሰጠቻቸው፤ በ1958 ቤቱን ለከተማዋ አረጋውያን አገልግሎት እንዲውል አበረከቱ። ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው በተቃረበ መታጠቢያ ውኃ ላይ ጎንበስ ብሎ ፎቶ ተነሥቶ፣ የገዛ ንጉሡ በስደት የኖሩበትን ቤት ሳያይ የሚመለስ ሐበሻ ስንት ነው?

አስጎብኚዎቹን አልወቅስም። የሚያስጎበኙት ሰው ያልጠየቃቸውን አይናገሩም፤ ወንበሩንም የሚሞላላቸው ከመላው ዓለም የመጣ ሰው ነው። የገጠሩ ትልልቅ ቤቶች ታሪክ እንኳ እንደተጠየቀ ነው የተነገረው። ከእነዚህ ብዙዎቹን የሚጠብቀው ናሽናል ትረስት በ2020 ባወጣው ዘገባ በእጁ ካሉት ቦታዎች 93ቱ ከቅኝ አገዛዝና ከባሪያ ንግድ ጋር የተያያዘ ታሪክ እንዳላቸው ሲገልጽ ብዙ ጎብኚ ተቆጥቷል። አትክልት ለማየት ሄጄ ለምን ታሪክ ይነገረኛል የሚል ቁጣ ነበር። ከሚቆጣው ይልቅ መስማት የሚፈልገው ከበዛ የሚነገረውም ይለወጣል።

የሚነሣብኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። ከአዲስ አበባ የመጣች እናት ቪዛዋ ተቆጥሮ፣ ጉልበቷ ደክሞ፣ ዘመድ ሁሉ ሊጋብዛት ተሰልፎ አንድ ቀን ብቻ ቢኖራት «ሦስቱንም ላሳያት» ማለት ፍቅር ነው። ገንዘቡም ቀላል አይደለም፤ አንዳንዱ ዋጋ የመግቢያ ቲኬቱን አይጨምርም። ሆኖም በዕድሜ የገፋ ሰው ስድስት ሰዓት ወንበር ላይ አስቀምጦ ሦስት ጊዜ «ፍጠኑ» ማለት ለሷም አይሆናት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? ኤቭበሪ መሀል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሻይ ብትጠጣና በጎቹን ብታይ፣ ከዚያ ንጉሡ የኖሩበትን ቤት ብታይ፣ አገር ቤት ስትመለስ የምትተርከው ይኖራታል።

ይህ እንዲሆን የጉዞ ድርጅቶቹን ደጅ መጥናት አያስፈልገንም። ለንደን ያሉ የሐበሻ ማኅበራትና አጥቢያዎች ለበዓልና ለጉባኤ አውቶቡስ መከራየት ልማዳቸው ነው፤ ባለ 16 ወንበር መኪና ከነሾፌሩ ለአንድ ቀን መከራየት ለ16 ሰው ሲካፈል ብዙ አይከብድም። ሾፌሩ ይነዳል፤ የሚተርከው ከራሳችን መካከል ያነበበ ሰው ይሁን። አንድ ቀን ለኤቭበሪና ለፌርፊልድ፣ ሌላ ቀን ለዊንዘር ብቻ። ፌርፊልድ ሁልጊዜ ክፍት ስለማይሆን ቀድሞ መደወል ያስፈልጋል። የዊንዘሩን ለማክሰኞና ለረቡዕ አትያዙት፤ ብዙውን ጊዜ ግቢው ዝግ ነው። ከሥራ ውጭ የምንሆንበት እሑድም አይሆንም፤ ያን ዕለት ጸሎት ቤቱ ለምእመን እንጂ ለጎብኚ አይከፈትም፤ ዓለማየሁን ማየት የሚፈልግ ቅዳሜ ይሂድ።