ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር «ለእርስዎ የተመረጠ»

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ ስለ አክብሮትዎ አመሰግናለሁ። በሥራ ቦታ «አንተ» ነኝ፤ በቤት «አንተ» ነኝ፤ ስልኬን ስከፍት ብቻ «እርስዎ» እባላለሁ። ሌሊት ተቀን ተግተው ቪዲዮ የሚመርጡልኝም እርስዎ ብቻ ነዎት። ባለፈው ሐሙስ ግን ክብሬን አበዙት።

ነገሩን ያውቁታል፤ እዚያው ነበሩ። በቤት ውስጥ በምናደርገው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የማስተማር ተራው የእኔ ነበር። ክፍሉ 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 6፣ ቁጥር 18፤ «ከዝሙት ሽሹ»። ጳውሎስ «ተከራከሩ» አላለም፣ «ሽሹ» ነው ያለው እያልኩ ድምፄን ከፍ ዝቅ ሳደርግ 15 ሰው ትንፋሹን ውጦ ያዳምጠኛል። መቼም ሰው ሲደመጥ ዕውቀት ያምረዋል። ቆሮንቶስ በሁለት ባሕር መካከል የተቀመጠች፣ በምሥራቅ ክንክራኦስ፣ በምዕራብ ሌካዮን የተባሉ ወደቦች የነበሯት፣ መርከበኛና ነጋዴ የማይጠፋባት ከተማ መሆኗን በካርታ ላሳያቸው ብዬ ስልኬን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁት።

ካርታው አልመጣም። እርስዎ መጡ።

ይዘዋት የመጡት ወይዘሪት ለመዋኛ ይሁን ለመኝታ ባልለየለት ልብስ ወገቧን ታሽከረክራለች። ስልኬ ላይ አውራ ጣት የምታህለው ሴት ግድግዳውን ሞላችው። ላጠፋ ስጣደፍ ጣቴ ድምፁን ጨመረው። «ማስታወቂያ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። እስከዚህ ድረስ ሰው ያምነኝ ነበር። እርስዎ ግን ሐሰት አይወዱምና ከሥሯ ጽሑፍ አኑረዋል። በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡት እናት መነጽራቸውን ስላልያዙ የልጅ ልጃቸውን «ምን ይላል? እስቲ አንብብልኝ» አሉት። ልጁ ጎበዝ አንባቢ ነው። ፊደል ሳይገድፍ፣ «ከዚህ ቀደም በተመለከቱት መሠረት ለእርስዎ የተመረጠ» አላቸው።

እናት ጥቂት አሰቡ።

«ማን ነው የተመለከተው?»

ሁለቱንም የቆሮንቶስ መልእክቶች ብገለብጥ ለዚህ መልስ አላገኝም። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጽሐፉን ማገላበጥ ጀመረ፤ ማንም ግን ምንም አያነብም።

ክቡር ሆይ፣ እንተማመን። አልፈለግኋትም፤ አንድ ማታ ጣቴ ዘገየ። አራት ሴኮንድ ቢሆን ነው። እርስዎ ደግሞ የሚመዘግቡት የምሻውን ሳይሆን የዘገየሁበትን ነው። ስብከት ከፍቼ እንቅልፍ የወሰደኝ ጊዜ ስልኩ ብቻውን ሲሰብክ አድሯል፤ ያ ሁሉ ሰዓት የት ገባ? ወደ ታች ቢያወርዱት የማያልቀውን ገጽ እ.ኤ.አ. በ2006 የፈለሰፈው አዛ ራስኪን እንኳን በሥራው መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። የእርስዎን ንስሐ እየጠበቅን ነው።

«አልፈልግም» የሚለውን ቁልፍ አልተጫንክም እንዳይሉኝ። ተጭኛለሁ። ምክንያት ምረጡ የሚል ቅጽ መጣልኝ፤ «አይመለከተኝም»፣ «ተደጋግሞብኛል»፣ «ጥራቱ ዝቅተኛ ነው»። ጥራቱ ዝቅተኛ ቢሆንማ ምን ቸገረኝ! «እፈልገዋለሁ፤ ግን መፈለጉን አልፈልገውም» የሚል ምርጫ የለም። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች የምዕራፍ 7ን ግማሽ ያህል የጻፈው ይህንኑ ለማስረዳት ነው፤ ከእርስዎ ቅጽ ላይ ግን አንድ መስመር አላገኘም። «ተደጋግሞብኛል» የሚለውን መረጥኩ። በማግስቱ ሌላ ሴት ላኩልኝ።

ጎማ ለመሸጥ የሴት ገላ የሚለጥፉትን ባልደረቦችዎን ለሌላ ቀን አቆይቻቸዋለሁ።

ዳዊት እንኳን ለመውደቅ ሰገነት መውጣት ነበረበት፤ እርስዎ ሰገነቱን ኪሴ ውስጥ ከተቱት። ዮሴፍስ ቢሆን? አዎን፣ የጲጥፋራ ሚስት በየቀኑ ትነዘንዘው ነበር፤ ቢሆንም አንዲት ሴት ናት፣ በሩም የታወቀ ነው። ልብሱን ትቶላት ወጣ። እኔ ምኑን ትቼ ልውጣ? የባንክ ሂሳቤ እዚያው ስልክ ውስጥ ነው፤ የመሥሪያ ቤቴ መልእክት እዚያው ነው፤ ስሸሽ አነበው ዘንድ የሚገባኝ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ እዚያው ነው፤ ከእርስዎ የሚለየው በአንድ ጣት ስፋት ነው።

ያም ሆኖ ስለ ራሴ ብቻ ቢሆን ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ። ሐሙስ ማታ ሰው ሁሉ ሲወጣ ያ አንባቢ ልጅ ጠጋ አለኝና በጆሮዬ፣ «ጋሼ፣ አይዞህ፤ ለእኔም እኮ ትመጣለች» አለኝ።

12 ዓመቱ ነው። ሰማህ? 12! እኔ እንኳን በ34 ዓመቴ፣ ጾሜና ጸልዬ፣ በአራት ሴኮንድ የምረታ ሰው ነኝ። እርሱ ገና ምን እንደሚመኝ ሳያውቅ ምኞቱን አንተ መርጠህ ታቀርብለታለህ። ሴት ሰው መሆኗን በወጉ ሳይረዳ ወገብና ጭን አድርገህ ታሳየዋለህ። ያቺ የምታሽከረክራትስ ማን ናት? ስንት ሰው እንደዘገየባት በቁጥር ይዘሃል፤ ምን ሆና እዚያ እንደቆመች ግን ጠይቀህ አታውቅም። ሰይጣን ቢያንስ ነፍሴን ፈልጓት ነው የሚደክመው። አንተ የሴኮንድ ለቃሚ ነህ! ለቅመህ ለጎማ ሻጭ ትቸረችረዋለህ።

ይቅርታ፤ «እርስዎ» ማለቴ ነው።

እናት ትናንት ደወሉልኝ። ስለ ቴሌቪዥኑ አንድም ቃል አላነሱም። «በሚቀጥለው ሐሙስ ምዕራፍ 7ንም አንተው ቀጥልልን፤ ቁጥር 9 ላይ ረጋ በል» አሉኝና ዘጉት። ካርታውን በወረቀት አትሜአለሁ። ቁጥር 9ን ግን፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ እዚያው ስልኬ ላይ ፈልጌ አነበብኩት፤ «በምኞት ከመቃጠል መጋባት ይሻላልና» ይላል። ወዲያው የጋብቻ ቀለበት መረጡልኝ።

አልዋሽም፤ ጣቴ ዘገየ።

አክባሪዎ