ሪሌ ምን በደለቻችሁ?

ቆይ እኔ የምለው፣ ለአንዲት ሪሌ (በትንሽ ከረንት ነቅታ ትልቁን ከረንት የምታሳልፍ ማብሪያ) ይሄን ያህል መሰሰት ምን የሚሉት ነው? በቀደም ኮሮላዬ ላይ ሁለት ፎግላይት አስገጠምኩ። ሠራተኛው ሽቦውን ከባትሪ አንስቶ ቀጥታ ዳሽቦርድ ላይ ወዳለው ማብሪያ፣ ከዚያ ወደ መብራቱ ወሰደው። "ሪሌስ?" ስለው "አያስፈልግም ወንድሜ፣ ስንቱን መኪና ሠርቻለሁ" አለኝ። እኔም ሞኙ ዝም አልኩ።

ሳምንት አልሞላም፣ ማታ እየነዳሁ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ማብሪያውን ስነካው ይፋጃል። ጠርዙ እንደ ሻማ ቀልጧል። እስቲ ሰው ይፍረደኝ፤ ባለ 55 ዋት ሁለት አምፖል 110 ዋት ነው፣ ለ12 ቮልት ስታካፍለው ከ9 አምፒር በላይ ይመጣል፣ ያን ሁሉ እንደ ክር በቀጠነ ሽቦና አውራ ጣት በምታክል ማብሪያ ታሳልፋለህ? ሪሌ ቢኖር ማብሪያው የሚሸከመው እሷን የምታነቃውን ትንሽዬ ከረንት ብቻ ነበር። ቀጭኑ ሽቦ የሪሌዋ እግር ቁጥር 85 እና 86 ላይ። ወፍራሙ ከባትሪ በፊውዝ (ከረንት ሲበዛ ቀልጦ መስመሩን በሚቆርጠው) አልፎ 30 ላይ፣ ከ87 ወደ መብራቱ። በቃ! ቁጥሩ እኮ እግሯ ሥር ተጽፏል፣ ማንበብ ብቻ ነው።

የፊውዙን ነገርማ ተዉት። ፊውዝ መሆን ያለበት ቦታ ላይ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞ አገኘሁ። መኪናዬን ሊያነድልኝ ነበር እኮ!

ሌላ ባለሙያ ጋ ስወስደው "ማነው እንዲህ የሠራልህ?" ብሎ ሳቀብኝ። ድጋሚ ከፈልኩ። ሪሌዋን ግን ራሴ ከሶማሌ ተራ ገዝቼ፣ በእጄ ይዤ ነው የሄድኩት።