በገደብና በአመክሮ የወጣን ሰው ወደ ወህኒ የምንመልሰው እኛ ነን

የጎንደር ሰዎች ሆይ፣ ልብ ብላችሁ ስሙን። አንድ ጥፋተኛ ቅጣቱ ታግዶለት በገደብ ሲለቀቅ፣ ወይም ዓመታት ታስሮ ቅጣቱን ሳይጨርስ በአመክሮ ሲወጣ፣ ከአራዳ እስከ አዘዞ፣ ከማራኪ እስከ ጠዳ የሚወራው አንድ ነው፦ «በገንዘቡ ወጣ።» ከሚያወሩት መካከል ግን ውሳኔውን ያነበበ አይገኝም። ጉቦ ሲሰጥ ካያችሁ ክሰሱ፤ ካላያችሁ አፋችሁን ሰብስቡ። ሰውን ቤት የሚያስከለክለው፣ እንጀራውን የሚያሳጣው፣ ደመኛውን ጥይት የሚያስቆጥረው ይኸው ወሬ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 190 ጀምሮ ስለ ገደብ፣ ከአንቀጽ 201 ጀምሮ ስለ አመክሮ ይደነግጋል። ገደብ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ዳኛው «ጥፋተኛ ነህ» ካለ በኋላ ቅጣቱን ሳይወስን ያቆየዋል። ይህ ከዚህ በፊት ላልተቀጣ፣ ለሕዝብ አደገኛ ላልሆነና ጥፋቱ ከባድ ላልሆነ ሰው ነው፤ የፈተና ጊዜውን በሰላም ከጨረሰ ጥፋተኛ እንዳልተባለ ይቆጠርለታል። በሁለተኛው ቅጣቱ ይወሰናል፣ መዝገብም ይገባል፤ የሚታገደው አፈጻጸሙ ብቻ ነው። የፈተናው ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ሲሆን ከነግዴታው ነው፦ የተበዳይን ካሳ መክፈል፣ ከመጠጥ መራቅ፣ በተባለው ቦታ መኖር፣ ሙያ መማር፣ ከተከለከሉት ሰዎች ጋር አለመዋል። በዚህ መካከል አስቦ ሌላ ወንጀል ከፈጸመ የታገደው ቅጣት ይፈጸምበታል፣ የአዲሱም ይጨመርበታል። ይህን ሁሉ ተሸክሞ የሚኖርን ሰው ነው «ነጻ ወጣ» እያላችሁ የምታሙት።

የተከሳሽ ቤተሰቦችም ተግሳጽ ይገባችኋል። ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ካለ በኋላ፣ ቅጣት ከመወሰኑ በፊት፣ ዐቃቤ ሕግንና ተከሳሽን ስለ ቅጣቱ አስተያየት ይጠይቃል። ገደብ የሚለመነው በዚያ ቀን ነው። እናንተ ግን ዋስ ፍለጋ ስትሯሯጡ ከርማችሁ፣ በዋናው ቀን ባዶ እጃችሁን ትመጣላችሁ። ዳኛ በልቅሶ ብቻ አይፈርድም። ካሳ የተከፈለበትን ደረሰኝ፣ የአሠሪውን ደብዳቤ፣ የሚያሳድጋቸውን ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ ሕመም ካለበት የሐኪም ማስረጃውን ይዛችሁ ቅረቡ።

አመክሮ ደግሞ ሌላ ነው። ታራሚው ከቅጣቱ ከሦስት እጅ ሁለቱን ሲጨርስ አመክሮ ይጠየቅለታል፤ 9 ዓመት የተፈረደበት 6፣ 15 ዓመት የተፈረደበት 10 ዓመት ሲታሰር ማለት ነው፤ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ግን 20 ዓመት ሲታሰር ነው። ከፍርድ በፊት በእስር የቆየበት ጊዜም ይታሰብለታል። ጥያቄውን ማረሚያ ቤቱ ወይም ታራሚው ራሱ ያቀርባል፤ ፍርድ ቤት ይወስናል። ቀኑ መድረሱ ብቻውን አይበቃም። በሥራውና በጠባዩ መሻሻል ማሳየት፣ በተቻለው መጠን ተበዳይን መካስ ወይም ከእሱ ጋር መስማማት አለበት። ከወጣ በኋላ የቀረው ጊዜ አልተሰረዘም፤ ግዴታውን ካፈረሰ ተመልሶ ይጨርሰዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፤ ወደ ደም። «ልጃችን ከመቃብር በ10 ዓመት አይወጣም» የሚል ቤተሰብ ሐዘኑ እውነት ነው፤ ማንም አይንቀውም። ነገር ግን በአመክሮ የወጣን ሰው አድብቶ የሚገድል፣ አስቦና ተዘጋጅቶ የገደለ ነውና በአንቀጽ 539 ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ሊፈረድበት ይችላል። ሌላ ልጅ ወህኒ ይገባል፣ ሌላ እናት ጥቁር ትለብሳለች። ይህን እያወቃችሁ «ደሙን ያልመለሰ ወንድ» እያላችሁ ጎረምሳ የምታስቆጡ ሰዎች፣ በእጃችሁ ባትተኩሱም እጃችሁ አለበት።

ሽማግሎች፣ እናንተን አክብረን እንወቅሳችኋለን። ዕርቁን የምትጀምሩት ሰውዬው ሊፈታ ሳምንት ሲቀረው ነው። በሳምንት የሚጻፍ ዕርቅ ለማረሚያ ቤት የሚታይ ወረቀት እንጂ ዕርቅ አይደለም። ቢያንስ ዓመት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። በመጀመሪያ የሟችን ወገን ብቻቸውን ስሙ፤ የገዳይ ዘመዶች በዚያ ቀን አይድረሱ። ወንድምና አጎት ብቻ አነጋግራችሁ አትመለሱ፤ የሟችን ሚስት ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የደም ካሳውን ወንዶቹ ተቀብለው ሲካፈሉት ልጆቹን የምታሳድገው ሴት ምንም አይደርሳትም፤ ቂሙም በእሷ ቤት ሲያድግ ይኖራል። አባቱ ሲሞት ሕፃን የነበረው ልጅም አለ። ዛሬ ጎልምሷል፣ ማንም አልጠየቀውም፣ «እኔ አልታረቅሁም» የሚለውም እሱ ነው። ስለዚህ እሱም ከአባቶቹ ጋር ይቀመጥ፣ ቃሉንም ይስጥ። ካሳው በቃል ተስፋ አይቅር፤ በሰው ፊት ይከፈል፣ መጠኑና ቀኑ ይጻፍ፣ የተቀበሉት ይፈርሙ። ሰውዬው የት እንደሚኖር፣ በየትኛው ገበያና በየትኛው ደብር እንደማይገናኙ ቁረጡ። የንስሐ አባቶች ባሉበት ቃል ይገባ። የስምምነቱ ቅጂም ለሁለቱ ወገን፣ ለማረሚያ ቤቱና ለፍርድ ቤቱ ይድረስ። ያልተስማማን ቤተሰብ «ተስማምቷል» ብሎ መፈረም ግን ዳኛን መዋሸት ነው፤ ሰውም ያስገድላል።

አከራዮች፣ «ታስሮ የነበረ አላስገባም» ስትሉ ምን እንደሚከተል አስቡ። አድራሻው ተመዝግቦ በተባለበት ቦታ እንዲኖር የታዘዘ ሰው ክፍል ሲያጣ ለማንም ሳይናገር ወደ መተማ ወይም ወደ ሌላ አገር ይሄዳል፤ በዚያው ግዴታውን አፈረሰ ማለት ነው። አሠሪዎችም እንዲሁ፤ ሥራ የነሣችሁት ሰው የተበዳይን ካሳ ከየት አምጥቶ ይክፈል? ሕጉ የሚያስበውን ክትትል የሚሠራ ባለሙያ በየሠፈራችን አልተመደበም። ያን ሥራ የሚሠራው ጎረቤት፣ ዕድርና ሰበካ ጉባኤ ነው። የዕድር ዳኞች ሆይ፣ ወርኃዊ መዋጮውን እየከፈለ ለቀብርና ለልቅሶ የሚመጣን ሰው ስሙን አትሰርዙ።

ቀላል ጥፋት ሁሉ እስራት ይገባዋል አትበሉ። ከ6 ወር በማይበልጥ ቀላል እስራት ለሚያስቀጣ ወንጀል ዳኛው በእስራቱ ፋንታ የግዴታ ሥራ ማዘዝ ይችላል፤ ከሠራተኛው ገቢ ከሲሶ የማይበልጠው ለመንግሥት ይቆረጣል። 6,000 ብር ከሚያገኝ ሰው እስከ 2,000 ብር ማለት ነው። ሥራውን አይለቅም፣ ልጆቹም አይራቡም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ላለ ልጅም ሕጉ በቅድሚያ የሚያስበው ወቀሳን፣ በቤተሰብ ክትትል ማሳደግን፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤት ተወስኖ መቆየትን ነው። ሞባይል የሰረቀ ልጅ ይዛችሁ ደም እስኪያስመልስ የምትደበድቡ፣ ተከሳሽ ልትሆኑ የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

አንድ ነገር ይቀራል፣ ብዙ ሰውም አያውቀውም። ቅጣቱን የፈጸመ ሰው ጽኑ እስራት ከነበረ 5 ዓመት፣ በሌላው ቅጣት 2 ዓመት በመልካም ጠባይ ከቆየና ካሳውን ከከፈለ፣ እንዲሰየም፣ ማለትም መልካም ስሙ እንዲመለስለት፣ ለፈረደበት ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ሲፈቀድለት ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል። ከዚያ በኋላ የድሮ ጥፋቱን በክፋት እያነሣ የሚሰድበው ሰው በስም ማጥፋት ይጠየቃል፤ «የተናገርኩት እውነት ነው» ማለት አያድነውም። ጊዜው የደረሰ ሰው በሠፈራችሁ ካለ ማመልከቻውን አብራችሁት ጻፉ፣ ስለ ጠባዩም መስክሩለት።