አያት ዴይኬር አይደለችም

በዩኒቨርሲቲ ከተማ የሚኖር ሐበሻ ልጅ ሊወለድለት ሲል ከስም ምርጫው እኩል የሚነሳ ጥያቄ አለ። "እማዬን መቼ እናምጣት?" የሚል ነው። እኛ የምንኖርባት፣ አሜሪካ አይዋ ግዛት ያለችው አይዋ ሲቲም ከዚህ ልማድ ውጪ አይደለችም። ቪዛው ከተገኘ አያት ትመጣለች። አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ይፈቀድላታል። የመጀመሪያው ሰሞን ገንፎ፣ አጥሚትና እልልታ ነው። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" የሚል ስልክ አያባራም። ከዚያ አራሷ ወደ ሥራ ትመለሳለች። አባትየው ወደ ላቦራቶሪ ወይም ወደ ማታ ሺፍቱ ይሄዳል። አያት ከሕፃኑ ጋር አፓርታማ ውስጥ ትቀራለች። ጥየቃ ተብሎ የተጀመረው ነገር ማንም ሳይወስን የሙሉ ቀን ሥራ ሆኖ ያርፈዋል። ደመወዝ የለው፣ የዕረፍት ቀን የለው፣ አቤት የሚባልበት አለቃ የለው።

አያቶች አይምጡ እያልኩ አይደለም። የኔም እናት መጥታ አርሳኛለች። ልጇ ዓይኗን በዓይኗ ስታይ አጠገቧ መሆን የማትፈልግ እናት የለችም። የምከራከረው ስለ አያያዙ ነው። አያት የምትመጣው ለአራስ ጥየቃ ከሆነ እንደ አራስ ጠያቂ እናስተናግዳት። ሕፃን ልትጠብቅ ከሆነ ደግሞ ሥራ መሆኑን እንመን። ሰዓቱንም ዕረፍቱንም ትኬት ሳይቆረጥ እንነጋገርበት።

እዚህ ላይ ያደረሰን ክፋት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሁሉንም ሠራተኛ የሚሸፍን፣ የሚከፈልበት የወሊድ ፈቃድ በአገር አቀፍ ደረጃ የለም። ያለው እ.ኤ.አ. በ1993 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት ሕግ ነው። 12 ሳምንት ይፈቅዳል፤ ያለ ክፍያ። እሱንም ለማግኘት ቀጣሪው 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ሊኖረው ይገባል። ሠራተኛዋም ቢያንስ ዓመት የሠራች፣ በዚያ ዓመት ውስጥም 1,250 ሰዓት የሞላች መሆን አለባት። በዲቪ መጥታ ሥራ ከያዘች ስድስት ወር የሆናት ነፍሰ ጡር ከዚህ ውስጥ የለችበትም። አገር ቤት እኮ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተቀጥራ ለምትሠራ እናት ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። ሰው "አሜሪካ ገባች" ብሎ እልል ሲል ይህችን አያውቃትም።

ዴይኬሩስ? ለጨቅላ ሕፃን የሚከፈለው ከቤት ኪራይ ጋር ይፎካከራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አይዋ ውስጥ የሕፃናት ማዋያዎች ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ለአራት ልጆች አንድ ሠራተኛ መመደብ አለባቸው። ስለዚህ የአንድ ሰው ደመወዝ፣ የክፍሉ ኪራይና ሌላው ወጪ ሁሉ በአራት ቤተሰብ ላይ ይወድቃል። ግን ያቺ አራት ሕፃን የምትይዝ ልጅ ሰዓቷ ሲደርስ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ቤቷ ትሄዳለች። አያት ወዴት ትሄዳለች? የምትሠራበትም የምታድርበትም ያው ቤት ነው። ማታ ወላጆቹ ደክመው ሲገቡ ወጡንም ሠርታ የምትጠብቀው እሷ ናት።

አንድ የታዘብኩት ነገር አለ። አያቶች ደስ ብሏቸው የሚሰነብቱት አብዛኛውን ጊዜ ሰው ቀን በሚውልበት ቤት ነው። ለምሳሌ ባል ዶክትሬቱን ሲማር ሚስት ለተማሪ የትዳር ጓደኛ በሚሰጠው ኤፍ-2 ቪዛ የመጣች ከሆነ መሥራት አይፈቀድላትም። ገንዘብ ያጥራል፣ የተማሪ አበል የትም አያደርስም። ቤቱ ግን ሰው አለበት። እናትና ልጅ ሲጨዋወቱ ይውላሉ። አንዷ ስትተኛ ሌላዋ ትይዛለች። ሁለቱም ወላጆች በሚሠሩበት፣ የተሻለ ገቢ ባለው ቤት ነው አያት የምትጠወልገው።

ክረምቱን ያየ ያውቀዋል። ጥር ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚወርድባቸው ቀናት አሉ። መንገዱ በረዶ ነው፣ የሕፃን ጋሪ አይገፋበትም። የምንኖርበት ሕንፃ ውስጥ ተማሪ ይበዛል። ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ሰክቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። አንድ ጎረቤቴ ቤት የመጡ እናት መስኮቱ ጋ ቆመው ሲያዩ ሲያዩ ውለው፣ "እነዚህ ልጆች ዘመድ የላቸውም እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። ቡና ላፍላ ሲሉ ደግሞ የጭስ ማስጠንቀቂያው አለ። ቡናው ገና ማሽተት ሲጀምር ጣሪያው ላይ ያለው ነገር ይጮሃል፣ ሕፃኑ ብርግግ ብሎ ይነቃል፣ እሳቸው ነጠላቸውን እያራገቡ በር ይከፍታሉ፣ ብርዱ ይገባል። ሁለት ሦስቴ እንዲህ ከሆነ በኋላ የተቆላ ቡና ከሱቅ መግዛት ተጀመረ። ዕጣኑም ቀረ። ቡና የማይቆላበት፣ ጎረቤት የማይጠራበት ቀን ለእሳቸው ምን ዓይነት ቀን እንደሆነ መገመት አያቅትም።

ሌላው ጭቅጭቅ አስተዳደጉ ላይ ነው። እዚህ የሕፃናት ሐኪሞች ልጅ በጀርባው፣ በራሱ አልጋ፣ ያለ ብርድ ልብስ ይተኛ ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይህ ምክር በዘመቻ ከተሰራጨ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ በእንቅልፍ ላይ ሳሉ ድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀንሷል። አያት ደግሞ "አራስ ልጅ እንዴት ብቻውን ይተኛል?" ትላለች። ሁለቱም የሚሉት ለልጁ ብለው ነው። እኔ በዚህ ከሐኪሞቹ ጋር ነኝ። ግን "አንቺ አታውቂም" ተብሎ ነገር አይሆንም። ሐኪሞቹ እኮ ልጁ ከወላጆቹ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ይተኛ ነው የሚሉት። የሚከለክሉት አንድ አልጋ ላይ መተኛቱን ነው። ይህ ሲነገራት እናቴ የልጁን አልጋ ጎትታ ከፍራሻችን ጎን አስጠጋችው፤ ነገሩ አለቀ።

የፀሐዩ ነገር ደግሞ ይገርማል። እናቶቻችን ጠዋት ጠዋት ልጅ ቅቤ ቀብተው ፀሐይ ያሞቃሉ። እዚህ ሐኪሙ ጡት ለሚጠባ ልጅ በየቀኑ 400 ዩኒት ቫይታሚን ዲ በጠብታ ያዛል። ጉዳዩ ያው አጥንት ነው። አሜሪካኖቹ ለጨቅላ ልጅ ቀጥተኛ ፀሐይ አይመክሩም፤ አይዋ ደግሞ ለወራት የረባ ፀሐይ የለም። ጠብታው የጠዋቷ ፀሐይ ምትክ መሆኑን የተረዳች አያት ጠብታ መስጠቱን ከማንም በላይ አትረሳም። ስድስት ወር ድረስ ከጡት ሌላ ውኃም ቢሆን አይሰጠው የሚለውን ግን ብዙዎቹ አገር ቤት ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሰምተውት ነው የሚመጡት። እኛ ነን ከአርባ ዓመት በፊት የወጡ የሚመስለን።

መኪና ውስጥ ያለው ትግል እስካሁን መፍትሔ የለውም። በአይዋ ሕግ ዓመት ያልሞላውና ከ20 ፓውንድ (ከ9 ኪሎ ገደማ) በታች የሚመዝን ሕፃን ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ በካር ሲት፣ በሕፃን የመኪና ወንበር፣ ይታሰራል። ልጁ ያለቅሳል። አያት ከጎኑ ተቀምጣ "ፍቱልኝና ልቀፈው" ትላለች። አይሆንም ሲባል ሾፌሩን የምታይበት አስተያየት... እሱን መጻፍ አልችልም።

እና ምን ይደረግ? ብዙ ሰው "ወደ ሚኒያፖሊስ ወይም ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ግቡ፣ እዚያ ሐበሻ አለ" ይላል። እኔ አልስማማም። 75 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት፣ ዩኒቨርሲቲው ብቻ ከ30 ሺህ በላይ ተማሪ ያለው ይህች ትንሽ ከተማ መኪና ለማትነዳ፣ እንግሊዝኛ ለማትችል አሮጊት ከብዙ ትልልቅ ከተሞች ትቀላለች። ችግሩ ከተማዋን አለማሳየታችን ነው።

የከተማው አውቶቡስ ከኦገስት 2023 ጀምሮ ነፃ ነው። ተማሪዎች የሚነዱት የዩኒቨርሲቲው አውቶቡስ ካምበስም እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በነፃ ያመላልሳል። ሳንቲም መቁጠር የለ፣ ካርድ መንካት የለ። መሃል ከተማ ሊን ጎዳና ላይ ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል አለው። ልጅ መሬት ላይ ይድሃል፣ ይጮሃል፣ ማንም አይቆጣም። በዚያው ጎዳና ላይ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ለሆኑ ሰዎች የተዘጋጀ ማዕከል አለ። በበጋ ከከተማው ትንሽ የአትክልት መሬት መከራየት ይቻላል። ጎመን የምታበቅል አያት ስለ ብቸኝነት አታወራም። አውቶቡሱን አንድ ሁለቴ አብሯት የሄደ ሰው ካለ ሦስተኛውን ልጁን አዝላ ብቻዋን ትሄዳለች። አዎ፣ አዝላ። ተማሪዎቹ ዞር ብለው ያያሉ፣ ፈገግ ይላሉ። አንዳንዷ "እንዴት ነው የሚታሰረው?" ብላ ጠይቃ ታሳየኝ ትላለች። ቢያንስ ሰው አናገራት።

ደግሞ ሐበሻ ብቻ ነው ወይ ሰው? አይዋ ሲቲ ውስጥ ብዙ ሱዳናውያን ይኖራሉ። አንድ የጎንደር እናት ድሮ መተማ ሲነግዱ የለቀሟት አረብኛ ነበረቻቸው። እሷን ይዘው ታች ቤት ካሉት ሱዳናዊት ጋር ተግባቡ። ሱዳኖችም በጀበና ነው የሚያፈሉት። ገንፎም አላቸው፣ አሲዳ ይሉታል። ሁለቱ ሴቶች ቋንቋው ሲያልቅባቸው ስለ ልጅ ሆድ ቁርጠት በእጅ ያወሩ ነበር። የጎንደሯ እናት ሲመለሱ ያለቀሱት ለልጅ ልጃቸው ብቻ አልነበረም።

በመከር ወራት ደግሞ ቅዳሜ ኪኒክ ስታዲየም የአሜሪካን ፉትቦል ጨዋታ አለ። ከተማው ቢጫና ጥቁር ይለብሳል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የመጀመሪያው ሩብ ጨዋታ ሲያልቅ እዚያ የተሰበሰበው ወደ 70 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ፊቱን ከስታዲየሙ አጠገብ ወዳለው የሕፃናት ሆስፒታል ያዞራል። መስኮት ላይ ለቆሙት የታመሙ ልጆች እጁን ያውለበልባል። እናቴ በቴሌቪዥን አይታ "ምን ሆነው ነው?" አለች። ስነግራት ተነሥታ እሷም አውለበለበች። እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ እናደዳለሁ። ለታመመ ሕፃን እንዲህ የሚራራ ሕዝብ ለአራስ እናት ሁሉ የምትከፈል አንዲት ሳምንት በአገር አቀፍ ሕግ እንዴት ነፈገ? የኛ አያቶች የሚሸፍኑት ይህንን ክፍተት ነው። አይዋ ድረስ ከጎንደርና ከደሴ መጥተው።

አባቶችን ሳላነሳ አላልፍም። የ1993ቱ ሕግ ለአባትም ያንኑ 12 ሳምንት ይሰጣል። አገር ቤት ለአባት የተፈቀደው ሦስት ቀን ስለሆነ ይሁን አላውቅም፣ የኛ ወንዶች ስለዚህ መብት ሲወራ እንኳ አይሰሙም። እናት የራሷን ስትጨርስ አባት ቢቀጥል ልጁ ግማሽ ዓመት ሊሞላው ይቃረባል። እርግጥ ባልና ሚስት ሁለቱም አንድ ቀጣሪ ጋ የሚሠሩ ከሆነ፣ ይህ ደግሞ በዩኒቨርሲቲ ከተማ የተለመደ ነው፣ ቀጣሪው 12ቱን ሳምንት ተካፈሉት ሊላቸው ይችላል። ያም ቢሆን ስድስት ስድስት ሳምንት ነው። "ያለ ክፍያ በምን እንኖራለን?" ይባላል። ልክ ነው። ግን አያትን ማምጣትም ነፃ አይደለም። የቪዛ ማመልከቻው 185 ዶላር፣ ትኬቱ፣ የጎብኚ ጤና መድኅኑ፣ የክረምት ካፖርቱና ጫማው ሲደመር የአባትን ጥቂት ሳምንታት ይሸፍናል። ለትኬት ሲሆን ብድር አናጣም።

"እናቴ ራሷ ናት ልምጣ ያለችው፣ ስጠይቃትም ደስ ብሎኛል ነው የምትለኝ" የሚለኝ ሰው አለ። ምን እንድትል ፈልገህ ነው? ልጇን ማስቸገር የማታውቅ ሴት ናት። እውነቱን የምትነግረው ለእህቷ ነው፣ ማታ በኢሞ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ስለዚህ ትኬቱ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይሁን። ልጁ ክረምት ላይ ከተወለደም አያት በረዶው ሲቀልጥ ብትደርስ አይረፍድባትም። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቤቱ ውስጥ ሌላ አዋቂ ይኑር፤ አባት ቢሆን፣ ጎረቤት ቢሆን፣ ተከፍሏት የምትመጣ ተማሪ ብትሆን። ቅዳሜና እሑድ ሕፃኑን የሚያነሳው ወላጁ ነው፤ ሌሊትም እንደዚያው። ይህን ማድረግ የማይችል ቤት ካለ፣ ለእናቱ ስልክ ደውሎ "የምንፈልግሽ ለሥራ ነው፣ ከባድ ነው፣ ትችያለሽ ወይ?" ብሎ ይጠይቃት። ምናልባት "እችላለሁ" ትላለች። ያኔ ቢያንስ አውቃ ትመጣለች።