ጥሩምባ ከግንቡ ወርዶ ዓሣ አስጋሪው ጋ ሲደርስ

ሰፈራችን አንድ ጋሼ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ የመንግሥት ማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ሲነፉ ኖረው ጡረታ ወጡ። ክሊራንስ ለመጨረስ መሣሪያዋ መመለስ ነበረባት። ሞዴል 22 ላይ ፈርመው የወሰዷትን ትራምፔት ለንብረት ክፍል አስረክበው ባዶ እጃቸውን ቤታቸው ገቡ። የቀረቻቸው በገዛ ገንዘባቸው የገዟት አፏ ብቻ ናት፤ ከንፈር የሚያርፍባት ትንሿ ብረት። ከኮታቸው ኪስ አትለይም ነበር። ልጆች ሆነን ስንለምናቸው እሷኑ ብቻዋን ይነፉልናል። እንደ ንብ እዝዝ ትላለች። እንስቃለን።

ሰሞኑን ስለ ጋና የባህር ዳርቻ ባንዶች ሳነብ ትዝ ያሉኝ እኚህ ሰው ናቸው።

ኤልሚና ፋንቴ የሚባለው የጋና ባህር ዳርቻ ሕዝብ ዓሣ አስጋሪዎች ከተማ ናት። ቀለም የተቀቡ ታንኳዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ። ማክሰኞ ማንም መረብ አይጥልም። የባህሩ ቀን ስለሆነ ክልክል ነው፤ የተቀደደ መረብ ሲጠገን ይዋላል። ከታንኳዎቹ ባሻገር ፖርቹጋሎች በ1482 (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) መሥራት የጀመሩት ግንብ አለ። ስንቱ ሰው በባርነት የተጫነበት ግንብ ነው። ከፖርቹጋሎች ሆላንዶች ወሰዱት፣ በ1872 ደግሞ እንግሊዝ እጅ ገባ።

በዓመቱ እንግሊዞች መሀል አገር ካለው የአሻንቲ መንግሥት ጋር ጦርነት ገጠሙ። መቅደላን ካቃጠሉ ገና አምስት ዓመታቸው ነው። ለዚህ ጦርነት ከካሪቢያን ደሴቶች ጥቁር ወታደሮች አምጥተው ኤልሚናና ጎረቤቷ ኬፕ ኮስት ከተማ ላይ አሰፈሩ። ወታደሮቹ ባንድ ነበራቸው።

የአገሬው ልጆች ማርሽ ከዚያ በፊትም ያውቃሉ። ግንቡ ውስጥ ኖታ እየተማሩ ለፈረንጅ ይነፉ ነበር፤ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። ካሪቢያኖቹ ግን ከሥራ ውጭ ሲሆኑ የአገራቸውን ዘፈን ይጫወታሉ። አያቶቻቸው ምናልባት ከዚሁ ዳርቻ የተጫኑ ጥቁሮች፣ በፈረንጅ ጥሩምባ የራሳቸውን ዜማ! ፋንቴዎቹ ይኼን አይተው ዝም አላሉም። 1880ዎቹ ላይ አዳሃ የሚባል ሙዚቃ ወጣ። ጥሩምባው ያው የወታደሩ ጥሩምባ ነው፤ ምቱ ግን የአገሬው ከበሮ ምት ሆነ። በኋላ ሃይላይፍ ለተባለው የጋና የጭፈራ ሙዚቃ አንዱ ሥር ይኼ ነው።

በ1908 የኬፕ ኮስት እንግሊዛዊ ሹም የከተማዋን አምስት ባንዶች የአገሬውን ዜማ እንዳይጫወቱ ከለከለ። መንገድ ይዘጋሉ፣ ጠብ ያስነሳሉ፣ ያስጠጣሉ፣ ያስጨፍራሉ ነው ክሱ። ባንድ ያስጨፍራል ተብሎ ሲከሰስ እንግዲህ! እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ለአንዲት ትንሽ የባህር ዳርቻ ከተማ አምስት ባንድ።

መሣሪያው ርካሽ ሆኖ አይደለም። የካካዎ ገንዘብ ያለው ገዛ፤ የሌለው ተቸገረ። የተቸገሩት ወጣቶች 1930ዎቹ ላይ ኮንኮማን ፈጠሩ። ጥሩምባ የለም፤ ከበሮና ድምፅ ብቻ። የሰልፉን እርምጃ ግን አልተዉትም። ዊኔባ በምትባለው ሌላ የዓሣ ከተማ ደግሞ ዛሬም በፈረንጆች አዲስ ዓመት ጭምብል ያጠለቁ ቡድኖች በማርሽ ባንድ ታጅበው ይወዳደራሉ።

ወደ እኛ ስመጣ ታሪኩ ሌላ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ የትንፋሽ መሣሪያዎችን ለምኒልክ ላከ። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ለባንድ አመጡ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ብሔራዊ መዝሙር ደረሰልን። ሁሉም ከቤተ መንግሥት ነው የጀመረው። አይገርምም። ፈረንጁ ጥሩምባ ከመምጣቱ በፊትም እምቢልታና መለከት የማዕረግ ምልክት ነበሩ፤ ነጋሪት የሚያስጎስመው የተሾመ ነው። አዲሱም ጥሩምባ በዚያው በር ገባ፣ ከቤተ መንግሥት ወደ ክብር ዘበኛ፣ ወደ ፖሊስ ሠራዊት፣ ወደ ማዘጋጃ ቤት።

እነዚህን ባንዶች ማማት ነውር ነው። ጥላሁን ገሠሠን ያህል ድምፃዊ ክብር ዘበኛ ውስጥ ዘፍኗል። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ሲያወርደው ከአዳሃ በምን ያንሳል? ቅሬታዬ መሣሪያው የመንግሥት ንብረት ሆኖ መቅረቱ ላይ ነው። ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ከአባ ኮዳ አሞራዎቹ ጋር እየተጋፋ ዓሣ የሚያፀዳ ልጅ ትሮምቦን ቢያምረው ማንን ይጠይቃል? ፖሊስ ወይም ወታደር ይሁን? ወይስ አዲስ አበባ መጥቶ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ይፈተን?

ጋሼ «ቁልፏ የተነቀለ፣ ወገቧ የጎበጠ ስንት ትራምፔት ስቶር ውስጥ አቧራ ይጠጣል» ይሉ ነበር። ታዲያ እነዚህን አስጠግኖ ለወጣት ማዕከላት ማዋስ ምን ይከብዳል? የሚያስተምር ጡረተኛ ነፊ አይጠፋም። ሞዴል 22ቱን ማዕከሉ ይፈርም። ልጆቹ ኖታውን ትተው የሰፈራቸውን የሠርግ ዘፈን ቢነፉበትም ማንም እንዳይቆጣቸው።

ጋሼ አሁን የሉም። አፏ ልጃቸው ጋ ናት። ባለፈው ቤቷ ስሄድ ከመሳቢያ አውጥታ አሳየችኝ። ኪስ ለኪስ ስትዞር ኖራ ጠርዟ ተልጧል። ከንፈሬን ገጥሜ ነፋኋት። እምቢ አለችኝ።